ሙሉ ስም ሲጠራ

አዲስ አበባ ውስጥ፣ በተለይ አምስት ስድስት ቤተሰብ በሚጋራው ግቢ፣ የልጅ ስም ሦስት ልክ አለው። «ቤቲዬ» የተባለች ልጅ ምሳ ቀርቦላታል። «ቤቲ» ከተባለች ሱቅ ልትላክ ነው። «ቤተልሔም!» የተባለች ዕለት ግን የግቢው ሰው ሁሉ አንድ ነገር እንደተሰበረ ያውቃል። የአባት ስም ከተጨመረበት ደግሞ ጎረቤት ለማገላገል ነጠላ ጫማውን መፈለግ ይጀምራል።

ይህ ሕግ የትም አልተጻፈም፤ የማያውቀው ልጅ ግን የለም። ስም ሲያጥር ፍቅር ነው፣ ሲረዝም ነገር አለ።

እንግሊዞች በዚሁ ስም ላይ የሠሩት ተቃራኒውን ነው። ረጅሙን ለመጽሐፍ ቅዱስ ትተው፣ አጭሩን የጫጫታ መጠሪያ አደረጉት።

ነገሩ ከላይ ከተባሉት ግቢዎች በአንዱ፣ አንድ ቅዳሜ ማታ ተገለጠ። አባት የፕሪሚየር ሊግ ጨዋታ እያየ ነው። ባለቀ ሰዓት ጎል ገባ፤ ተመልካቹ ወንበር ላይ ወጣ፤ ኮሜንታተሩ ጉሮሮው እስኪሰነጠቅ «ቤድላም!» ብሎ ጮኸ። አባት እንግሊዝኛን ለሃያ ዓመት በኳስ በኩል ሲማር የኖረ ሰው ነው፤ «ኦፍሳይድ» እና «ፔናልቲ» ላይ ማንም አይረታውም። ይህ ቃል ግን አዲስ ሆነበት። የቤቱ አስተርጓሚ ደግሞ አሥረኛ ክፍል የደረሰችው ልጁ ናት።

«ቤቲ፣ ቤድላም ምንድን ነው?»

ልጅቷ የጆሮ ማዳመጫውን ከአንድ ጆሮዋ ብቻ አወጣች። (ሁለቱንም የምታወጣው ገንዘብ ነክ ለሆነ ጉዳይ ነው።) ስልኳ ላይ መዝገበ ቃላት ከፈተች። «ጫጫታ፣ ሁካታ፣ ትርምስምስ» አለች። ወረድ ብላ የቃሉን መነሻ አነበበች። ዝም አለች። ደግማ አነበበች።

«ምን ይላል?»

«ከቤተልሔም የመጣ ነው ይላል።»

እናት ጓዳ ናት። እንዲህ ያለውን ነገር ግን ከየትም ሆና ትሰማለች። «ስምን መልአክ ያወጣዋል» አለች፣ ሽንኩርት መክተፏን ሳታቋርጥ።

ስሙን ያወጣው መልአክ ሳይሆን አባት ነው። ልጅቷ በገና ሰሞን ተወልዳ፣ እሱ ያሰበው በረቱን፣ እረኞቹንና ኮከቡን ነበር። ቤተ ልሔም በዕብራይስጥ «የእንጀራ ቤት» ማለት እንደሆነ አንድ ሰባኪ ሲናገር ሰምቶ ስሙን የበለጠ ወዶታል፤ ቤቱ እንጀራ እንዳያጣ ማን ይጠላል? ዐረቦች በበኩላቸው የከተማዋን ስም የሚሰሙት «የሥጋ ቤት» ብለው ነው። አንዱ ዳቦ፣ ሌላው ሥጋ እያለ ከተከራከረባት ከተማ፣ ሁለቱን ሳያጣላ ጥብስ ፍርፍር አድርጎ የሚያቀርብ አማርኛ ተናጋሪ ብቻ ነው። ዳቦም ይሁን ሥጋ ግን ጩኸት የትም የለበትም። ታዲያ ጩኸቱ ከየት መጣ?

ከለንደን። በ1247 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) ሲሞን ፊትዝሜሪ የተባለ፣ ከተማዋን በሸሪፍነት ያገለገለ ባለጸጋ፣ ቢሾፕስጌት ከሚባለው የከተማው በር ወጣ ብሎ ያለውን መሬት በቤተ ልሔሟ ማርያም ስም ለገዳም ሰጠ። ገዳሙ ለቅድስት ሀገሯ ቤተ ልሔም ምጽዋት እንዲያሰባስብና ከዚያ የሚመጡትን ጳጳስና ወንድሞች እንዲያሳድር ነበር የታሰበው። ማኅበርተኞቹ ልብሳቸው ላይ ኮከብ ያደርጉ ነበር። እስከዚህ ድረስ አባትየው ካሰበው ገና ምንም የራቀ ነገር የለም።

እንግዳ ማደሪያው ቀስ በቀስ የድኾችና የሕሙማን መጠጊያ ሆነ። በ1403 የንጉሡ መርማሪዎች ሲመጡ ከሌሎቹ ሕሙማን መካከል አእምሯቸው የታወከ 6 ወንዶች አገኙ። ንብረትም ቆጠሩ፤ 4 ጥንድ የእጅ ብረት፣ 11 ሰንሰለት፣ 6 ቁልፍ፣ 2 ጥንድ የእግር ግንድ። ለ6 ሰው 11 ሰንሰለት! ዋናው የምርመራው ጉዳይ ግን ሰንሰለቱ አልነበረም፤ በረኛው የቤቱን ዕቃ አጉድሎ ነበር። የበረኛው ስም ፒተር ነው። የበርና የቁልፍ ነገር ለጴጥሮሶች የተሰጠ ቢሆንም፣ ይሄኛው አደራውን አልቻለበትም።

ስሙም በዚያው እያጠረ ሄደ። ከሥራ የሚሮጥ፣ ሥጋ ተሸክሞ ወደ ገበያ የሚጣደፍ ለንደኔ «የቤተ ልሔሟ ማርያም ሆስፒታል» የሚልበት ጊዜ የለውም። «ቤትሌም» አለ፤ «ቤድሌም» አለ፤ በመጨረሻ «ቤድላም» ብሎ ዐረፈ። «ቤተ ክርስቲያን»ን «ቤተስኪያን»፣ «እግዚአብሔር ይስጥልኝ»ን «እግዜር ይስጥልኝ» ያለ ሕዝብ በዚህ ሊፈርድ አይችልም። ቅዱስ ስም ከአፍ ለአፍ ሲዞር እንደ ሳንቲም ፊቱ ይላላጣል። ልዩነቱ እኛ ዘንድ የተላላጠው ቃል ትርጉሙን እንደያዘ መቅረቱ ነው፤ ለንደን ላይ ትርጉሙም አብሮ ሄደ።

ሼክስፒር በ1600ዎቹ መጀመሪያ «ንጉሥ ሊር»ን ሲጽፍ፣ ከአባቱ ቁጣ የሚሸሸውን ኤድጋርን የቤድላም ለማኝ አስመስሎ ቶም በሚል ስም አውጥቶታል። ተመልካቹ ማብራሪያ አላስፈለገውም፤ እንዲህ ያለ ለማኝ በየመንገዱ ያውቃል። ጆን ኦብሪ የተባለው ጸሐፊ ስለነዚህ ሰዎች ሲተርክ፣ የበሬ ቀንድ አንገታቸው ላይ አንጠልጥለው፣ ሰው ደጅ ሲደርሱ ይነፉት እንደነበር ይናገራል። የተሰጣቸውንም መጠጥ የሚቀበሉት በዚያው ቀንድ ነው። መሣሪያውም ዋንጫውም አንድ ነው። ጎሕ ሳይቀድ በላሊበላ ዜማ ከእንቅልፉ የተነሣ የአዲስ አበባ ሰው ለዚያ ዘመን እንግሊዛዊ ሊያዝንለት ይችላል፤ ቢያንስ ላሊበሎች ስም እየጠሩ ያመሰግናሉ።

በ1676 ሆስፒታሉ ሙርፊልድስ ወደተባለ ቦታ፣ ቤተ መንግሥት ወደሚመስል አዲስ ሕንፃ ተዛወረ። የነደፈው ሮበርት ሁክ ነው። ስሙን የአሥረኛ ክፍል ተማሪዎችም ከፊዚክስ መጽሐፍ ያውቁታል፤ ስፕሪንግ ምን ያህል እንደሚለጠጥ የሚናገረው ሕግ የእሱ ነው። ባዮሎጂ ላይም እጁ አለበት፤ በ1665 ቡሽ በማይክሮስኮፕ አይቶ፣ ያያቸውን ጥቃቅን ክፍሎች «ሴል» ብሎ የሰየማቸው እሱ ነው። ቃሉ የመነኩሴ በዓት፣ ጠባብ ክፍል ማለት ነው። ሴልን የሰየመው ሰው፣ ከዓመታት በኋላ ጠባብ ክፍሎች በረድፍ የተደረደሩበትን ትልቅ ቤት ሠራ። በሩ ላይ ሁለት የድንጋይ ሰዎች ተጋድመዋል፤ አንዱ ትካዜ ነው፣ ሌላው በሰንሰለት የታሰረ እብደት። ሕንፃው የቆመው በቆሻሻ በተሞላ የድሮ የከተማ ቦይ ላይ ነበርና ግድግዳው ከጊዜ በኋላ ይሰነጣጠቅ ጀመር። ከፊት ሲያዩት ግን ያስደነግጣል።

ለመታየትም ነው የተሠራው። ሰው ይገባል፤ በር ላይ ባለው ሣጥን ሳንቲም ይጥላል፤ በረጅሙ ኮሪደር እየተመላለሰ ሕሙማኑን ያያል። ዛሬ ሰው መካነ አራዊት እንደሚሄደው ነው። ለውዝና ፍራፍሬ የሚያዞሩ ሻጮች ነበሩ። ሰው የሚበዛው በበዓል ሰሞን ነው፤ በፋሲካ፣ በጰራቅሊጦስ፣ በገና። በገና ሳምንት የቤተ ልሔምን ስም የተሸከመ ቤት በተመልካች ይሞላል፣ ለንደንም እንደ ሰብአ ሰገል ተሰልፋ ትመጣለች። ይዛ የምትመጣው ግን ወርቅም ዕጣንም አይደለም፤ ለውዟን እየቆረጠመች ነው።

ሠዓሊው ዊልያም ሆጋርት ይህን አይቷል። አባቱ ያወረሰውን ሀብት በቁማርና በሴት ስለጨረሰ ጎረምሳ በሠራቸው 8 ተከታታይ ሥዕሎች (የታተሙት በ1735 ነው) የመጨረሻው ቦታ ቤድላም ነው። ጎረምሳው ግማሽ ራቁቱን መሬት ላይ ወድቋል። አንዱ ታማሚ የኖታ መጽሐፉን እንደ ባርኔጣ ራሱ ላይ ደፍቶ ቫዮሊን ይገዘግዛል። ሌላው ጳጳስ ሆኗል። ሌላው ከኋላ ዘውድ ደፍቶ፣ ራቁቱን፣ በትረ መንግሥት ይዞ ተቀምጧል። በመካከሉ ሐር የለበሱ ሁለት ወይዘሮዎች ቆመዋል። አንዷ ማራገቢያዋን ፊቷ ጋ አድርጋ፣ ማየት እንደማትፈልግ ሆና ታያለች።

ያቺን ማራገቢያ ልብ ላለ ሰው የቃሉ ምስጢር እዚያ ነው። ጎረምሳው ዝም ብሏል። የሚያለቅሱለትም ዝም ብለው ነው። የሚንሾካሾኩት፣ የሚሳሳቁት እንግዶቹ ናቸው። በመቶ የሚቆጠር ተመልካች በአንድ ኮሪደር ሲተራመስ፣ ሻጩ ሲጣራ፣ ጎብኚው ታማሚውን ጎንትሎ ሲያስጮኸውና ሲስቅበት፣ ከዚያ የሚወጣው ድምፅ የማን ነው? እንግሊዝኛ ሂሳቡን ለታሰሩት አስከፈለ። ስሙ በውስጥ ላሉት መጠሪያ ሆነ እንጂ በሣጥኑ ሳንቲም የጣሉት አልተነኩም። ደጁ ለማንም ክፍት መሆኑ የቀረው በ1770 ነው፤ ቃሉ ግን ያን ጊዜ ወደ መዝገበ ቃላት ከገባ ቆይቷል።

ዝም አይነቅዝም ይላል አገሬው። በ1814 የጎበኙት አንድ ቡድን ሰዎች ጄምስ ኖሪስ የተባለ አሜሪካዊ አገኙ። ከወገቡና ከትከሻው በብረት ተጠፍንጎ፣ ግድግዳ አጠገብ ከቆመ ምሰሶ ጋር ተያይዞ ወደ 10 ዓመት ገደማ ኖሯል። ሲያነጋግሩት ረጋ ብሎ መለሰላቸው፤ መጻሕፍትና ጋዜጣ ያነብባል። የሁካታ ሁሉ ስም በሆነው ቤት ውስጥ፣ ለፓርላማ ምርመራ መነሻ ከሆኑት ምክንያቶች ዋነኛው አንድ ተቀምጦ የሚያነብብ ሰው ሆነ።

እዚህ ላይ አዲስ አበቤ ከንፈሩን መጦ «አይ ፈረንጅ!» ከማለቱ በፊት፣ ታክሲ ውስጥ የሚናገረውን ቢያዳምጥ ይሻለዋል። ተሳፋሪና ረዳት በመልስ ተጣልተው፣ ከሦስት ልውውጥ በኋላ አንዱ ሌላውን የት ነው የሚልከው? «አማኑኤል ግባ!» ነው የሚለው። አማኑኤል ከመርካቶ እልፍ ብሎ ያለ፣ ስንቱን የታደገ የአእምሮ ሕክምና ሆስፒታል ነው። ስሙም «እግዚአብሔር ከእኛ ጋር» ማለት ነው። እሑድ በዝማሬ የሚጠራው፣ ሰኞ ጠዋት በታክሲ ውስጥ ስድብ ይሆናል። የልደቱ ከተማ ስም ለንደን ላይ፣ የተወለደው ስም አዲስ አበባ ላይ፣ በአንድ ዓይነት ደጅ አለፉ። አማኑኤል የሚባሉ ወንድ ልጆች አሁንም በየዓመቱ ክርስትና ስለሚነሡ ስሙ ገና አልተላላጠም። እንግሊዞችም ቢሆኑ በ1403 እንዲሁ ሳያስቡ አይቀሩም።

እንግሊዝኛ ጫጫታን ከሰው ቤት መበደር ይወድዳል። ለተራው ድምፅ የሚጠቀሙበት «ኖይዝ» ብዙዎቹ የቋንቋ ሊቃውንት እንደሚሉት መነሻው በላቲን የመርከብ ላይ ማቅለሽለሽ ነው። ከጎረቤቱ የሠርግ ድንኳን ስፒከር አጠገብ የተኛ ሰው ለዚህ ተጨማሪ ማስረጃ አይጠይቅም። «ፓንዴሞኒየም» ደግሞ ገጣሚው ጆን ሚልተን በ1667 ለሰይጣን መናገሻ ያወጣው ስም ነው። አንዱ ጫጫታ ከገሃነም፣ አንዱ ጫጫታ ከቤተ ልሔም፤ ሁለቱም አሁን በአንድ የኳስ ጨዋታ ላይ ያገለግላሉ።

አማርኛ እንዲህ አይደክምም። ድምፁን ራሱን ይዞ ቃል ያደርገዋል። ኳ ኳ ካለ ኳኳታ ነው። ጫ ጫ ካለ ጫጫታ ነው። ኡኡ ካሉ ኡኡታ፣ ሆ ካሉ ሆታ፣ እልል ካሉ እልልታ። ማንም ከተማ፣ ማንም ሆስፒታል አይከሰስም። (ባቢሎን ትከሰሳለች፤ እሷ ግን ግንቡን ራሷ ነው የጀመረችው።) መስማት የተሳነው ብቻ ነው የአማርኛን ጫጫታ ከሆታ የሚያምታታው።

ቤተልሔም የሚለው ስምም በእኛ ሀገር ከድምፅ ጋር ዝምድና አለው፤ ነገር ግን ዝምድናው በሌላ በኩል ነው። ደቡብ ጎንደር፣ ጋይንት ውስጥ ቤተልሔም የሚባል ደብር አለ። የድጓ ተማሪ ከየአገሩ እየመጣ፣ ኮቾሮውን ይዞ፣ ዓመታት ቁጭ ብሎ ዜማ የሚያጸናውና የሚያስመሰክረው እዚያ ነው። የዜማ ይትበሃል ሲቆጠር ቆማ አለ፣ አጫብር አለ፣ ተጉለት አለ፤ «ቤተልሔም» ደግሞ ከነዚህ ዋነኛው ነው። ስለዚህ አንድ መሪጌታ «የኔ ቤተልሔም ነው» ካለ የሚናገረው ስለ ድምፁ ነው። አንድ እንግሊዛዊ ስለ ድምፅ ሲናገር በአጭሩ ቤተልሔም ካለ ግን ጆሮውን ይዟል ማለት ነው። ያንን የጋይንት ቤተ ክርስቲያን በ1950ዎቹ አጋማሽ አንድ የእንግሊዝኛ ጸሐፊ፣ ቶማስ ፓከንሃም፣ ደርሶ አይቶታል። ክብ የሣር ክዳን ውስጥ የተሸሸገ የመካከለኛው ዘመን የድንጋይ ሕንፃ እንዳገኘም በ1959 ባሳተመው መጽሐፉ ጽፏል። ስሙን ሲሰማ ፈገግ ብሎ ከሆነ የሚያውቀው እሱ ነው።

የለንደኑ ቤት ሦስት ጊዜ ቦታ ለውጦ ዛሬ ከከተማዋ ደቡባዊ ዳር፣ ዛፍ በበዛበት ግቢ፣ በሙሉ ማዕረጉ «ቤትሌም ሮያል ሆስፒታል» ተብሎ ያክማል። ጸጥ ያለ ነው። ጫጫታው የቀረው በተዋቸው ቦታዎች ላይ ነው። የመጀመሪያው መሬት ላይ የሊቨርፑል ስትሪት ባቡር ጣቢያ ቆሟል። በ2015 ለአዲሱ የምድር ውስጥ ባቡር ሲቆፈር፣ የድሮው የቤድላም መካነ መቃብር ተገኝቶ ከ3,000 የሚበልጥ አፅም ወጣ። ከመቃብር በላይ ስም ይውላል የሚለውን ተረት የጣቢያው ተሳፋሪ አያውቀውም፤ በላዩ ላይ ግን በየማለዳው ሻንጣ እየጎተተ ይሮጣል።

ከ1815 ጀምሮ የነበረበት ሕንፃ ደግሞ ከ1936 ወዲህ የጦርነት ሙዚየም ነው። ደጃፉ ላይ ከጦር መርከብ የተነሡ ሁለት መድፎች ተጋድመዋል፤ አፋቸው 38 ሳንቲሜትር፣ የሚተኩሱት አረር እያንዳንዱ ከ850 ኪሎ በላይ። ሕሙማኑ ሲወጡ የገባው ይህ ነው። ለእነዚህ መድፎች ድምፅ እንግሊዝኛ ያወጣውን ስም ማንም አይሳደብበትም።

ይህን ሁሉ ልጅቷ በአንድ ሳምንት ውስጥ አንብባ ለአባቷ አስረዳችው። ለእናቷ ግን የነገረቻት ግማሹን ነው፤ ጥፋቱ የእንግዶቹ እንደነበር የሚናገረውን ግማሽ።

እሑድ ንጋት ላይ ሦስቱም ደብር ግቢ ቆመዋል። በኢትዮጵያ አብያተ ክርስቲያናት ለቅዳሴ የሚሆነው ኅብስትና ወይን የሚሰናዳበት፣ ከቤተ መቅደሱ በስተ ምሥራቅ ያለው ትንሽ ቤት ስሙ ቤተልሔም ነው፤ የእንጀራ ቤት፣ ቃል በቃል። በሩ ተከፈተ። ዲያቆኑ ቃጭሉን እያሰማ ቀደመ፤ መሶበ ወርቁ በመጎናጸፊያ ተሸፍኖ፣ ጥላ ተዘርግቶለት ወጣ። ምእመናን መንገድ ለቀቁ፣ ጎንበስ አሉ። ግቢው ውስጥ ከቃጭሉ በቀር የሚሰማ ነገር የለም።

ልጅቷ አባቷ ጆሮ ጋ ጠጋ ብላ «ከቤድላም ወጣ» አለችው። አባት ሳቁን ሊውጥ ጋቢውን አፉ ላይ አደረገ፤ ትከሻው ግን አልታዘዘለትም።

እናት ዞረች። ነጠላዋን እያስተካከለች፣ በሹክሹክታ ልታደርገው አስባ፣ ሦስት ረድፍ ወደ ኋላ በሚሰማ ድምፅ፦

«ቤተልሔም!»

ቃጭል የያዘው ዲያቆን ለአፍታ ቆም ብሎ ወደ ኋላው ወደ ቤቱ ዞር አለ።